ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የኮከብ ካርታ

ሽብሩ ባልቻን ዲላ ውስጥ የማያውቀው አልነበረም። በጃንሆይ ዘመን ቡና ጭኖ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሾፌር ነበር፤ እጁ የገባውን ለሰው ሳያሳይ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው። ጥፋቱም ይኸው ነበር።

አባቱ አቶ ባልቻ ኢዲዶ በምትባል የገጠር መንደር ይኖሩ ነበር። በጉብዝናቸው ቡና ይዘው ቦረና ሲወርዱ፣ የቀኑን ሐሩር ሸሽተው በጨለማ የሚጓዙት አንዲት ኮከብ እየተከተሉ ነበር። ሽብሩ ልጅ ሳለ ሊያሳዩት ሲጠሩት ሁልጊዜ "ነገ" ይላቸው ነበር። አሁን እሳቸው ከመደብ መነሳት አቃታቸው፤ ክረምቱም ሰማዩን ደፈነው። ስሟን ቢጠይቃቸው፣ በቦታዋ እንጂ በስም እንደማያውቋት ነገሩት።

አዲስ አበባ አንድ የፈረንጆች ቤተ መጻሕፍት የታተመ የኮከብ ካርታ በነፃ ያድላል ሲባል ሰማ። ቡናውን ባራገፈ ቁጥር ደጃቸውን ይጠና ነበር፤ አልቋል፣ ገና አልመጣም እያሉ አመላለሱት። በመጨረሻ ሰጡት። ትልቅ ሰማያዊ ወረቀት ነው፤ ኮከቦቹ ነጫጭ ነጥቦች ናቸው።

በቀጥታ ኢዲዶ የወሰደው እንዳይመስላችሁ። የቤቱ ግድግዳ እንደ ከተማው ቤት ሁሉ ጋዜጣ የተለጠፈበት ነበርና፣ ካርታውን እዚያው ላይ በዱቄት ሙጫ ግጥም አድርጎ ለጠፈው። ሚስቱ አልጣሽ መጀመሪያ ለአባትህ አሳይ ብትለው፣ ክረምቱ ሲወጣ እዚህ ድረስ በመኪና እንደሚያመጣቸው ነገራት። ጎረቤት እየገባ ሲያደንቅ ደረቱ ተነፋ።

ክረምቱ ሳይወጣ አባትህ ጠናባቸው የሚል መልእክት መጣ። ሽብሩ ግድግዳውን በውሃ እያራሰ ቢልጠው ካርታው ከጭቃው ጋር ተቦጫጨቀ። ግማሹን ብቻ ይዞ በረረ።

አቶ ባልቻ ቁራጩን ጋቢያቸው ላይ ዘርግተው ብዙ አዩ። ተጠጋግተው የሚወጡትን ትናንሽ ኮከቦች ለዩአቸው። ጣታቸውን ከዚያ አስነስተው ቀስ እያሉ ሲገፉ ወረቀቱ አለቀና ጣታቸው ጋቢው ላይ ደረሰ።

"ከዚህ ወዲያ ናት" አሉ። "የቀረው የት አለ?"

"ዲላ ነው፣ አባዬ። ግድግዳ ላይ ቀርቷል።"

ልጃቸውን አዩትና "ግድ የለም" አሉት፤ "ነገ ታመጣዋለህ።"

ነገን አላዩም።

ከሐዘኑ በኋላ ሽብሩ ያንኑ ቤተ መጻሕፍት ሌላ ካርታ ለመነ፤ ያን ጊዜ ሳያመላልሱ ሰጡት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ይህን አልለጠፈውም። አልፎ አልፎ ይዘረጋውና ጣቱን ከትናንሾቹ ኮከቦች አስነስቶ አባቱ እንደገፉት ይገፋል። ጋቢው የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ብዙ ነጫጭ ነጥቦች አሉ። የአባቱ የትኛዋ እንደሆነች አያውቅም።