ሁለት ስለት ያለው ሰንጢ

የአባቴ ሰንጢ መሰበሩን ወንድሜ በስልክ ሲነግረኝ፣ ቤይሩት ውስጥ የአሠሪዬን ልብስ እየተኮስኩ ነበር። አባቴ ገነተ ማርያም አጠገብ የሚኖሩ አረጋዊ ቄስ ናቸው። የመቃ ብዕር የሚቀርጹትም፣ ዳቦ የሚቆርሱትም በዚያችው የኪስ ሰንጢ ነበር። ሥጋ ግን አስነክተዋት አያውቁም፤ ለፋሲካ እንኳ ቢላዋ ከጎረቤት ይዋሳሉ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሱቅ ገባሁ። ፒንሳ፣ መቀስና ወስፌ አብረው የሚታጠፉባቸው ሰንጢዎች ተደርድረዋል። አንዱ ለጾም፣ አንዱ ለፍስክ ይሆናቸዋል ብዬ ሁለት ስለት ያለውን መረጥኩ። ሻጩ ስፕሪንጉ ጠበቅ ያለው ብዙ ዓመት ያገለግላል ስላለኝ፣ ከሁሉም የጠበቀውን ገዝቼ ወደ ላሊበላ ለሚሄድ ሰው ሰጠሁ።

እንደደረሳቸው ደወልኩ።

«ትልቁ ስለት ለፍስክ ነው፣ አባባ።»

«ሥጋ ማኘኪያ ጥርሱንም አብረሽ ብትልኪልኝ ጥሩ ነበር» ብለው ሳቁ።

«ስፕሪንጉ ጠበቅ ይላል፤ ይከፈትልዎታል?»

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ መልካም ነው።»

ጣቶቻቸው ትዝ ያሉኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ቁርጥማት ካጎበጣቸው ቆይቷል። እኔም ሱቅ ውስጥ ስከፍተው ጥፍሬን አሞኝ ነበር። ያን ሁሉ ስመርጥ ስለ ጾማቸው እንጂ ስለ አውራ ጣታቸው አላሰብኩም። እሳቸው ደግሞ የልጃቸውን ስጦታ ከሚነቅፉ ዝም ይላሉ።

ሰንጢው የደረሳቸው ዕለት አጠገባቸው የነበራችሁ የአገሬ ሰዎች፣ በማርያም ይዤአችኋለሁ፤ ራሳቸው ከፈቱት ወይስ ሌላ ሰው ከፈተላቸው? እንደ እሳቸው አታባብሉኝ። አቅቷቸው ከሆነ ላላ ያለ ፈልጌ እልካለሁ።