ያልሸሸችው ቆቅ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከዲላ ገበያ የበቆሎ ዘር ገዝታ መጥታ ፌስታሉን ከልጆቹ ቆሎ አጠገብ አስቀመጠችው። ዘሩ ቀይ ቀለም የተቀባ ነው። ጮኼ አነሳሁና ከማገሩ ላይ ሰቀልኩት። "እማዬ ደግሞ! ዘር ነው እኮ፣ እባብ አደረግሽው!" ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ እጄን ስታጠብ ዋልኩ።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ ከወናጎ በታች ባለው ሜዳ በቆሎ ይዘራ ነበር። ዳገቱ ቡናና እንሰት ነው፤ ሜዳው ግን የቆቅ አገር ነበር። ጎህ ሲቀድ ሰፈሩ የሚነቃው በነሱ ጩኸት ነው። ሰው ማሳው ውስጥ ሲሄድ ከእግሩ ሥር ቱር ብለው ልብ ያቆሙ ነበር።

በዚያ ዓመት አባቴ ከዲላ አዲስ ዘር አመጣ። ነቀዝ እንዳይደፍረው ቀይ መድኃኒት ተቀብቷል ተባለ። ፋሲካ አልፎ፣ አፈሩ ዝናብ ሲጠግብ ዘራነው። እናቴ ወንድሜን ወልዳ አራስ ነበረች። ሥጋ አምሯታል፤ አባቴ ግን የሚያርድላት ዶሮ እንኳ አጥቶ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል ይገባል።

አንድ ጠዋት ቡቃያውን ልናይ አብረን ወረድን። ከቦዩ ዳር አንዲት ቆቅ ሞታ አገኘን።

"በክት ነው፣ እንዳትነኪ" አለኝ።

እልፍ ስንል ሌላዋ አንገቷን ወደ ጎን ጥላ ትንገዳገዳለች። እጁን ሲሰድ አልሸሸችም። ፊቱ በራ።

"እግዜር ለአራሷ ላከላት!"

ጎረቤታችን ብርቄ፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ያዘለች የጌዴኦ ሴት፣ ስታልፍ አይታን ቆመች።

"ጋሼ፣ ቆቅ ሰው አይታ ዝም ትላለች እንዴ? ታማለች።"

"ያንቺ ዶሮ ሲይዟት ትሮጣለች?"

"የኔ ዶሮ ታውቀኛለች። ይቺ እርስዎን ከየት ታውቃለች?"

አባቴ ሳቀ። "በክት የሚባለው ሳይባረክ የሞተ ነው። ይቺ ነፍስ አላት፣ በስመ አብ ብዬ ነው የማርዳት።" ወደ ምሥራቅ ዞሮ አረዳት። ለሱ ነገሩ በዚያ አለቀ።

እናቴ ከነመረቁ ጨረሰችው። ልታጎርሰኝ ስትል አባቴ "ለአራስ የመጣ ነው" ብሎ ከለከለኝ። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ያስመልሳት ጀመር፤ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ሕፃኑን መያዝ አቃታት። በቃሬዛ ዲላ ወሰዷት። የጤና ጣቢያው ድሬሰር የበላችውን ሲሰማ ቆቋ መድኃኒት የተቀባውን ዘር ሳትለቅም አልቀረችም ብሎ ሕፃኑን ከጡቷ እንድናርቅ አዘዘ። ወንድሜ በራብ ሲያለቅስ ብርቄ ከእጄ ተቀበለችኝ፤ የራሷን ልጅ ባንድ ጡቷ፣ እሱን በሌላው አደረገች። "እንዳልኩት" አላለችም።

በማግስቱ አባቴ ማሳው ውስጥ ተንበርክኮ የዘራውን በጣቱ እየቆፈረ ሲያወጣ አየሁት። ሜዳው ሁሉ ግን ያንኑ ዘር ዘርቶ ነበር።

እናቴ ዳነች፤ ወንድሜም አድጎ የልጆች አባት ሆነ። ቆቆቹ ግን ከዓመት ዓመት ሳሱ። መቼ ጨርሰው እንደጠፉ ልብ ያለ ሰው የለም። አባቴን አልወቅሰውም። ከልጅነቱ የተማረው አንድ ጥያቄ ነበር፣ ተባርኳል ወይስ አልተባረከም የሚል፤ እሱን በትክክል መለሰ። ሌላ ጥያቄ እንዳለ የነገረው አልነበረም።

አሁን ጎህ ሲቀድ እነቃለሁ። ውጭው ጭጭ ይላል። ልጄ "ሰላም ያለበት ሰፈር ነው" ትለኛለች። እኔ ግን ዝምታው ሲረዝምብኝ ተነስቼ የልጅ ልጆቼ የተኙበት እሄዳለሁ፤ ጎንበስ ብዬም የእያንዳንዳቸውን ትንፋሽ አዳምጣለሁ።