ከአማ የሰማሁትና ያልሰማሁት

እዚህ ስደት አገር፣ ሚድ ሲቲ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አንዲት ታሚል ሕንዳዊት አሮጊት ቤት ተቀጥሬ ሁለት ዓመት ተንከባክቤአለሁ። «አማ» እላቸው ነበር፤ በቋንቋቸው እናት ማለት ነው። በወጣትነታቸው አገራቸው ፊልም በሚሠራበት ስቱዲዮ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ታሚሎች እንደ አባታቸው የሚያዩት አንድ ዝነኛ ተዋናይ አለ፤ በመጀመሪያ ፊልሙ ላይ የለበሰውን ሸሚዝ የሰፉለት እሳቸው ናቸው።

ወሬያቸው ሁሉ ስለ እሱ ነው። የድሮ ፊልሙን ቲቪ ላይ ከፍተው፣ «ልጄ፣ ነይ ይቺን ኮሌታ እዪልኝ!» ይሉኛል። እኔ ምሳቸውን እያሞቅኩ፣ አንድ ጆሮዬ ላይ ኢርፎን ሰክቼ ከእህቴ ጋር አወራለሁ። አንዳንዴ፣ «ይኼን እኮ ነግረውኛል» ብዬ አቋርጣቸዋለሁ። ነግረውኝ ይሁን አይሁን ግን አላውቅም። እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ቲቪው ይመልሳሉ።

አምና አማ አረፉ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ተዋናዩም ሞተ። ያን ሰሞን የአማ ልጅ ደወለችልኝና ፌርፋክስ ጎዳና ላይ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ተገናኘን። ሥጋ ስለማትበላ በያይነቱ አዘዝኩላት። ከተማው ውስጥ ያሉ ታሚሎች ለተዋናዩ መታሰቢያ ሊያደርጉለት ነው፤ እሷም እናቷ ስለ እሱ የነበራትን ትዝታ ጽፋ ልታነብ ፈልጋለች።

«እኔ ሁሌ ሥራ ላይ ነበርኩ። እናቴ ቀኑን ሙሉ የምታወራው ካንቺ ጋር ነው። ስለ እሱ ምን ነገረችሽ?» አለችኝ።

ያለኝን ለቃቅሜ ሰጠኋት። ከመንደር መንደር ከሚዞር የቲያትር ቡድን እንደመጣ፣ ሀብታም ከሆነ በኋላም ለልብስ ልክ ራሱ እሳቸው ቤት ይሄድ እንደነበር ነገርኳት።

«ሌላስ?»

ሌላ የለኝም። አፈርኩ። «አባትሽ የሞቱ ጊዜ ለቅሶ መጥቶ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ከእናትሽ ጋር አልቅሷል» አልኳት። ከራሴ የፈጠርኩት ነው።

እንባዋ ወረደ። «ያኔ ሕፃን ነበርኩ፤ ማንም አልነገረኝም» ብላ ጻፈችው።

በመታሰቢያው ማግስት ደወለችልኝ። «ሰው ሁሉ አለቀሰ። አንድ ሽማግሌ ተነስተው፣ ‹አዎ፣ እሱ እንዲህ ያለ ሰው ነበር› አሉ። ባንቺ ነው፣ አመሰግናለሁ።»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ «ምንም አይደል» የሚለው ቀድሞ ወጣ።

እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ውሸቱ ያሳፍረኛል። ከሱ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ግን አማ ናቸው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እውነቱን ሊነግሩኝ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሲጠሩኝ ነበር።