ከግድግዳው የማይርቀው

የባለቤቴን ታላቅ እህት በደንብ አውቃታለሁ ብል ውሸት ይሆናል። ዘመድ ከሆንን ብዙ ዓመት አለፈ፤ ከሰላምታ ዘልቄ የጠየቅኳት ግን በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። ቤተሰቡ «ብርዴ» ይላታል። አንድ ቀን ማቀዝቀዣችን ተበላሽቶ ባለቤቴ፣ «ብርዴ፣ እስቲ እዪልን» ቢላት፣ እጇን ወደ ውስጥ ሰደድ አድርጋ፣ «ይሄማ ለእኔ እቶን ነው» አለችው።

ሥራዋ ሂሊየም የሚባለውን ጋዝ ማቀዝቀዝ ነው። ብርቅ የሆነው ዓይነት ከልክ በላይ ሲቀዘቅዝ፣ ምንም ሳያግደው የሚፈስ ፈሳሽ ይሆናል። እንደገባኝ ከሆነ መሃሉ ጸጥ ያለ ነው። የዕቃውን ግድግዳ በሚነካበት ስስ ገጽ ላይ ግን በመሃሉ የማይገኝ እንቅስቃሴ አለ፤ ከግድግዳውም ርቆ መሄድ አይችልም። ይህን በስሌት ደርሰውበታል። እሷ የምትፈልገው ዱካውን በመሣሪያ መያዝ ነበር። ለዚህ ስትል ፓምፕ በሚያጓራበት ምድር ቤት ዕድሜዋን ፈጅታለች።

አምና ዱካው ታየ። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡት አለቃዋ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«በቃ፣ እንናገር!» አሉ።

እሷ ግን አንድ ፈተና ቀርቶኛል አለች። ከተራው ሂሊየም ጥቂት ጨምራ ግድግዳውን በስሱ ልታለብሰው ነው። ግድግዳው ሲለሰልስ ዱካው መለወጥ አለበት፤ ካልተለወጠ ከገጹ የመጣ አይደለም ማለት ነው። ያኔ ሁሉንም አሙቆ እንደገና መጀመር ሊመጣ ነው፤ እሱ ደግሞ ወራት ይፈጃል፤ አለቃዋ አይደርሱበትም።

«ተይ ልጄ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ!»

«መጀመሪያ የብብቴ መሆኑን ልወቅ እንጂ ጋሼ።»

አለበሰችው። ዱካው ንቅንቅ አላለም። ለካ ዱካ የመሰላቸው የመለኪያው ሽቦ ራሱ የሚያወጣው ሙቀት ኖሯል።

አለቃዋ ኮታቸውን አንሥተው ወጡ። በስንብታቸው ዕለት የጽዳት ሠራተኞቹን ሳይቀር እየጠሩ ሲያመሰግኑ የእሷን ስም አላነሡም። እሷ ከኋላ ቆማ አጨበጨበች አሉ።

አሁን እንደገና እያቀዘቀዘች ነው። ባለፈው እሑድ ቤታችን መጥታ ባለቤቴ ወጣ ሲል፣ እንደ ምንም ደፈርኩ።

«እትዬ፣ ያን ፈተና እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ማቆየት አይቻልም ነበር?»

የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ጎተተችው።

«እሱን እንኳ ተይኝ» አለች።