አያ መኳንንትና በርበሬ ያልነካው ዶሮ

ዛሬ ጠዋት ከአምባ ጊዮርጊስ ተደውሎ «አያ መኳንንት አረፈ» ሲሉኝ «የትኛው መኳንንት?» አልኩ። ሌላ ሰው እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነው። አሁንም አላመንኩም።

ለማታውቁት፣ አያ መኳንንት እዚህ ጎንደር ጎረቤታችን ነበር። ከዚያ በፊት መንገድ የሚሠሩ ቻይናዎች ካምፕ ውስጥ ምግብ ያበስል ነበር። ሲለቅ የቻይናው ወጥ ሠሪ አንድ ከረጢት የደረቀ ሥርና ፍሬ ለስንብት ሰጠው።

ልጄን የወለድኩ ሰሞን እህል አልወርድ አለኝ። ገንፎው ይመጣል፣ ይመለሳል። አጥሚቱም እንደዚያው። ሐኪም ቤት «ደህና ነሽ፣ ብቻ ብዪ» አሉኝ። እሱ እኮ ነው ያቃተኝ! ከአልጋ የምነሣው ሰው ደግፎኝ ነው። ሊያርሱኝ ከመካነ ብርሃን የመጡት አማቴ እማማ ጥሩ ተደብቀው ያለቅሳሉ።

አያ መኳንንት ይህን ሰምቶ ድስቱን፣ ከረጢቱንና አንድ የታረደ ዶሮ ይዞ ከች አለ።

«መድኃኒት ነው አልልሽም። አቅም ነው» አለኝ።

ጉዱ የጀመረው ከዚያ ነው። ዶሮውን ሳይበልት ሙሉውን ከተተው። ፈላ ሲል ደግሞ ውሃውን ደፋው።

«ምነው! ጣሙን ደፋኸው እኮ!» አሉ እማማ ጥሩ።

«አረፋውን ነው እማማ።»

በአዲስ ውሃ ጣደው። ዝንጅብል ቀጥቅጦ ጨመረ። ቴምር የሚመስል ቀይ ፍሬ ጨመረ። ከዚያ በስሱ የተሰነጠቀ ሥር አወጣ። እማማ ጥሩ አንዱን አንስተው፣ አገላብጠው አዩና ጥርሳቸውን ይፍቁበት ጀመር።

«እማማ፣ እሱ ለድስቱ ነው!»

«መፋቂያ ለሾርባ? ሽንኩርቱስ?»

«የለውም።»

«በርበሬውስ?»

«የለውም።»

እማማ ጥሩ አማተቡ። «ይኼ ዶሮ በከንቱ ሞተ» አሉ።

ድስቱ ገንፈል ባለ ቁጥር አያ መኳንንት ከሰል እየቀነሰ ያችን ንግግሩን ይላል፦ «ሾርባ ከጮኸ አይሆንም። ይንሾካሾክ!» ግማሽ ቀን ተንሾካሾከ። ጨው የገባው መጨረሻ ላይ ነው።

አንድ ሲኒ ጠጣሁ። ወረደ! ሌላ ጠየቅሁ። እማማ ጥሩ እልል አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። ሲዘገዩብን አያ መኳንንት ሄዶ ቢያይ፣ ድስቱ ላይ አጎንብሰው ጭልፋው አፋቸው ውስጥ ነው።

«ጨው አንሶት እንደሆን ብዬ ነው» አሉ። የዶሮው አንድ እግር የለም።

እኔም ከዚያ ወዲያ መብላት ጀመርኩ። ብዙም ሳልቆይ በራሴ እግር ደጅ ወጥቼ ፀሐይ ሞቅሁ።

በቅርቡ እሱን ጉንፋን ጥሎት፣ ተመልሶ የገባበት አገሩ አምባ ጊዮርጊስ ልንጠይቀው ስንሄድ፣ ያንኑ ሾርባ እንዳስተማረኝ ሠርቼ በፔርሙስ ያዝኩለት። ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ።

«በርበሬ የለሽም?»

«አያ! አንተ አይደለህ ያስተማርኸኝ?»

«ማብሰሉን ነው እንጂ መጠጣቱን መቼ አስተማርሁሽ! እኔ ይኼን ነገር ወድጄው አላውቅም።»

ግን ጨረሰው። «ለፍተሽበታል» ብሎ፣ ፊቱን እያጨማደደ፣ እስከ ጠብታዋ።

አያ፣ ነገ በጠዋቱ መኪና እንመጣለን። እማማ ጥሩም ከእኛ ጋር ናቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ ለቅሷቸውን ማቆም አቅቷቸዋል። ልጄ ደግሞ «ለአያ ምን እንያዝለት?» እያለች ትጠይቀኛለች። ያንተን ቤት ባዶ እጃችንን ረግጠን አናውቅማ። ምን ብዬ ልመልስላት?

እንዲሁ ስንመጣ እንዳትቀየመን። ደህና ሁን፣ ሸጋው ሰው።