የአዴ በዳቱ ገመድ

ባለፈው ቅዳሜ ሱሉልታ ገበያ ዳር ካለ አንድ ሱቅ ገብቼ ገመድ ጠየቅሁ። ባለሱቁ ጥቅልሉን እያወረደ፣ «ለምንድን ነው? ለከብት ነው ለልብስ ማስጫ?» አለኝ።

«ለሰው ነው።»

እጁ ጥቅልሉ ላይ ቀረ። ፊቱ ሲለዋወጥ አይቼ ሳቄ መጣ። «ኧረ ተረጋጋ! ለአክስቴ ነው። እሱን ይዛ ነው ከአልጋ የምትነሳው» አልኩት።

«እንግዲያው ወፍራሙን ውሰጂ፤ ቀጭኑ እጅ ይቆርጣል።»

ይሄን ለእኔ ነው የሚነግረኝ! ቀጭን ገመድ መዳፍ ላይ ምን ዓይነት መስመር እንደሚያወጣ ከእሱ በፊት አውቀዋለሁ። ገመዱን በፌስታል ይዤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆምኩ። የሱሉልታ ንፋስ እንደ ልማዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ሰው ሰልፍ ላይ ሲቆም ሌላ ሥራ ስለሌለው ያስባል፤ እኔም ያንን ክረምት አሰብኩ።

ያኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ ልጅ ነበርኩ። ውጤት ያልመጣላት ሴት ልጅ በቤተሰብ ውስጥ ምን እንደሆነች የደረሰባት ታውቀዋለች፤ ትርፍ እጅ ናት። ሰርግ ሲኖር ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ለቅሶ ሲኖር ብርጭቆ ታጥባለች፣ ሰው ሲታመም ደግሞ ትላካለች። እኔም ከቡራዩ፣ ከአባቴ ቤት፣ ወደ ሰበታ ተላክሁ።

የተላክሁት አዴ በዳቱን ላስታምም ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። «አዴ» በኦሮምኛ ለእናት፣ ለተከበረች ሴት የሚባል ነው፤ እሷ ግን አልወለደችም። ዕድሜዋን ሙሉ ከተጂ ሽንኩርትና ድንች እያመጣች ሰበታ ገበያ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ተሸካሚ ስለማታምን ጆንያውን ከመኪና የምታወርደው ራሷ ነበረች። ወገቧ ለዓመታት ሲያጉረመርም ቆይቶ፣ ጉልበቷም ሲከተለው፣ አንድ ጠዋት ከአልጋዋ መነሳት አቃታት። ወጌሻ ተጠርቶ በቅቤ አሻት፤ ጭራሽ ባሰባት። ከዚያ ሆስፒታል ወስደው ራጅ አስነሷት። የተሰበረ ነገር የለም፤ የጉልበቷ መገጣጠሚያ ተበልቷል፣ የወገቧ ዲስክ ተንሸራቷል፤ ቀዶ ጥገና አያስፈልግም፤ ከሕመሙ ጋር መኖር መልመድ ነው ተባለ። ይህን መናገር ቀላል ነው። ከሕመሙም ከእሷም ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የምኖረው እኔ ነበርኩ።

አባቴ ሻንጣዬን በሩ ላይ አስቀምጦ፣ «እስክትነሳ ድረስ ነው» አለኝ።

«ካልተነሳችስ?»

«አፍሽን ዝጊ!»

ዘጋሁት። ግን ጥያቄው አልተዘጋም። ጓደኛዬ ሃና ሱሉልታ አንድ የውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ገብታ ነበር። «መስከረም ላይ ሰው ይጨምራሉ፤ ስምሽን ሰጥቻለሁ፤ እንዳትቀሪ» ትለኛለች በስልክ። እኔ ከምድጃ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ምድጃ እየተመላለስኩ፣ መስከረምን እንደ አውቶብስ ነበር የምጠብቀው። ጥሎኝ እንዳይሄድ።

የሰበታ ክረምት ሰው ያስራል። ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አዴ ብትጣራም አይሰማኝም፤ እውነቱን ለመናገር የምወደው ያንን ሰዓት ነበር። ቤቱ የመታሻ ቅባት፣ የእርጥብ ብርድ ልብስና እንግዳ ያመጣው ሙዝ ይሸታል። እኔ አጥባታለሁ፣ አለብሳታለሁ፣ አገላብጣታለሁ፣ ምግቧን ጠቅልዬ አጎርሳታለሁ። የታመመ ሰው ይጎርሳል፤ በኛ ዘንድ ይሄ ሕግ ነው። በእጁ ይብላ ማለት ጭካኔ ነው።

ደግሞ ጠያቂው! ሰበታ ውስጥ ከአዴ ሽንኩርት ያልገዛ ሰው ያለ አይመስልም፤ ሁሉም መጣ። ከፊታችን ሱቅ ያላቸው እትዬ ዘሃራ ደግሞ ጠያቂ ብቻ አይደሉም፤ ቤተኛ ናቸው። ሱቃቸው ውስጥ ከስኳር እስከ ሚስማር፣ ከሻማ እስከ ቀይና ሰማያዊ ገመድ የሌለ ነገር የለም። ሱቁን ለልጃቸው ትተው፣ ለሻይ ስኳር ይዘው አዴ እግር ስር ይቀመጣሉ። እኔ ሻይ አፈላለሁ። ሲጠጡ ይመርቁኛል። «የምትወልጂው ይባረክ! ወላሂ እንዳንቺ ያለች ልጅ የለችም፣ ለሊሴ። ጥላት አትሄድም ይቺ!» ይላሉ። ሌላዋ ትቀጥላለች፤ «የት ትሄዳለች? አሜን በዪ እንጂ!» አሜን እላለሁ። ምርቃቱ ግን እንደ ቁልፍ ነበር የሚሰማኝ፤ በተመረቅሁ ቁጥር በሩ አንዴ ይዞርብኛል።

አንድ ቀን ከጤና ጣቢያ ሲስተር መጣች። በሰፈራችን አራሶችን ስትዞር የአዴን ነገር ሰምታ ነው የገባችው። ጭቃዋን በደጃፉ ድንጋይ ላይ ጠርጋ ስትገባ አዴን እያጎረስኳት ነበር። ቆማ አየችን።

«እጇን ምን ነካው?» አለች።

«እጇ ደህና ነው፤ ወገቧን ነው።»

«ታዲያ ለምን ታጎርሻታለሽ?»

የጠቀለልኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት። አዴም አፏ የሞላውን ማኘክ ቀጠለች።

ሲስተር ነገር አታበዛም። ብርድ ልብሱን ገለጠች፣ እግሯን ከፍ ዝቅ አደረገች፣ የት የት እንደሚወጋት ጠየቀች፣ የእግሯን ጣት በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አድርጋ ይሰማት እንደሆነ አየች። ከዚያ ሁለታችንንም እኩል እያየች ተናገረች። መተኛት ጡንቻዋን እየበላው ነው፤ ጡንቻ ሲያልቅ ሕመሙ ይብሳል። መድኃኒቷን ምግብ ቀምሳ ትውሰድ። ስትተኛ በጎኗ ሆና ጉልበቶቿ መሃል ትራስ ይግባ። ወገቧን በሙቅ ውሃ ፕላስቲክ በፎጣ ጠቅልለሽ አሙቂላት። «ደህና የሆነች ቀን ደግሞ ሁሉንም ልሥራ እንዳትል፤ በማግስቱ ትወድቃለች። ትንሽ ትንሽ፣ ግን በየቀኑ። እግሯ ከደነዘዘ ወይም ሽንቷ ካመለጣት ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በሩጫ አምጫት።»

ገመዱንም ያመጣችው እሷ ናት፤ ማለቴ ሐሳቡን። የአልጋውን የግርጌ ብረት ነቅነቅ አድርጋ አየችና፣ «እዚህ ላይ ገመድ እሰሪ። በጎኗ ትዙር፣ እግሯን ታውርድ፣ ይሄን ትሳብ። አንቺ እጅሽን ወደኋላ አድርጊ» አለችኝ።

«ብትጮህስ?»

«ትጩህ። ቆሞ መጮህና ተኝቶ መጮህ አንድ አይደለም።»

የዚያኑ ቀን ከእትዬ ዘሃራ ሱቅ ሰማያዊ ገመድ ገዛሁ። ቀጭን ነበርና የአዴ መዳፍ ላይ ቀይ መስመር አወጣ፤ በማግስቱ በወፍራም ቀየርኩት። መጀመሪያ ቀን ሰደበችኝ። በአማርኛ ጀምራ ስድቡ ሲጠፋት ወደ ኦሮምኛ ተሻገረች። «ያ ኢንተላ! አንቺ ልጅ! በሬ አደረግሽኝ?» እኔ እጄን ወደኋላ አጣምሬ ቆሜ ሳቄን እውጣለሁ። ሲስተር እጅሽን ወደኋላ ያለችው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ እጄ ራሱ ይሮጣል። ሰው ሲቸገር አይቶ አለመርዳት እንዴት ከባድ ሥራ ነው!

ክረምቱ ሲጋመስ ተቀመጠች። ከዚያ ቆመች። ከዚያ ዝናቡ ጋብ ባለ ጠዋት ጠዋት፣ ሰፈሩ ሳይወጣ፣ እስከ ውጭ በር ደርሳ ትመለስ ጀመር። እሸት በቆሎ ጠብሼ በሩ ጋ ቆሜ እጠብቃታለሁ፤ ስትደርስ እሰጣታለሁ፤ እንደ ልጅ እየጋጠች ትመለሳለች። ያማታል። ማመሙን አልተወም። ግን ትሄዳለች።

ጠያቂ ሲመጣስ? የቆርቆሮው በር ሲንኳኳ አዴ በገዛ እግሯ ወደ አልጋዋ ትሄዳለች፣ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ትስባለች፣ ታቃስታለች። እኔ ሻይ አፈላለሁ። «እንደው ምንም ለውጥ የላትም?» ይሉኛል። ምን ልበል? ጥርሴን ነክሼ እጎርሳታለሁ፤ ይቅርታ፣ አጎርሳታለሁ። ከንፈሯን ከፍታ ትጠብቀኛለች።

አንድ ቀን እንግዶቹ እንደወጡ አልቻልኩም።

«አዴ፣ ጠዋት በር ድረስ ሄደሽ መጥተሻል። አሁን የምታቃስቺው ለማን ነው?»

ወደ ግድግዳው ዞረች።

«አዴ! ሃና ደውላለች። ሰኞ ሳምንት ካልገባሁ ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል ብላለች። አንቺ ካልተነሳሽ አባባ አይለቀኝም። ታውቂያለሽ አይደል?»

ብርድ ልብሷን ሳብ አደረገች። ከዚያ ሳትዞር፣ «ያመኛል ስልሽ አልዋሸሁሽም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ያን ሁሉ ዓመት ገበያ ቆሜ አንድ ሰው እንዴት ነሽ ብሎኝ አያውቅም። ሽንኩርቱ ስንት ነው እንጂ። ቆሞ የሚሄድን ሰው ማን ይጠይቃል፣ ለሊሴ? እኔ ስነሳ እነሱም ይቀራሉ፤ አንቺም ትሄጃለሽ።»

እኔ ያ ቤት ያሰረው እኔን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ብርጭቆ ላጥብ ወጣሁ።

እሑድ አባቴ ከቡራዩ መጣ። መስከረም ጠብቷል፤ ደጁ ፀሐይ ነው። ልሄድ ነው የሚለው ወሬ ተሰምቶ ኖሮ እትዬ ዘሃራና የአዴ የማኅበር ሴቶች ቤቱን ሞልተውታል። እትዬ ዘሃራ የኛን ሥጋ ስለማይበሉ ሁሉም አብሮ እንዲበላ ሽሮና ጎመን ሠራሁ። አዴ ተኝታለች።

አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እህቴ፣ ይቺ ልጅ ሥራ አገኘሁ ትላለች። ትሂድ ወይስ ትቆይ? ያንቺ ቃል ነው።»

«ኧረ ምን ይጠየቃል!» አሉ እትዬ ዘሃራ። «በዚህ ሁኔታ ላይ ጥላት ልትሄድ? ሥራ የትም አይሄድም።»

«የታመመ ጥሎ የሄደ በረከት አያገኝም» አለች አንዷ።

አዴ ጣራውን ታያለች። እኔ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ «ትሄዳለች! ዛሬ ጠዋት በሩን የከፈተችልኝ እሷ ናት!» ልል። ግን ቃሉ የእሷ ነው። ሕመሙም የእሷ ነው። እኔ የራሴ ያለኝ እጄ ብቻ ነበር።

ምግብ አቀረብኩ። ለሁሉም ሰጥቼ ስጨርስ የአዴን ሳህን ወደ አልጋው አልወሰድኩትም። መስኮቱ ስር ያለችው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፣ ወንበሩን ሳብ አድርጌ አመቻቸሁ፣ እጄን ወደኋላ አጣመርኩ።

«ምን መሆንሽ ነው?» አሉ እትዬ ዘሃራ። «ወዲህ አምጪው እንጂ፤ ካስጠላሽ እኔ አጎርሳታለሁ!»

«ለሊሴ!» አለ አባቴ።

አልተንቀሳቀስኩም። አዴ ሳህኑን አየች፤ ከዚያ እኔን። በፊቷ ላይ ቁጣ አየሁ፣ ልመናም አየሁ፣ ከዚያ የገበያ ቀን የማውቀው ፊቷ መጣ፤ ጆንያ ከማንሳቷ በፊት የምታሳየው። በጎኗ ዞረች። እግሯን አወረደች። ገመዱን ያዘች።

አባቴ ሊደግፋት ሲነሳ፣ «ተቀመጥ» አለችው። ሳበች፤ አቃሰተች፤ ያ ማቃሰት የእውነት ነበር። ቆመች። ግድግዳውን እየነካች ጠረጴዛው ጋ ደርሳ ተቀመጠች። እጇን ታጥባ ቆረሰች፤ ሽሮውን ጠቀለለች፤ ግን ወደ አፏ አልወሰደችውም። ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ነይ ጉረሺ፣ ኢንተላ ኮ» አለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። «መንገድ አለብሽ።»

እትዬ ዘሃራ እልል አሉ፤ ከዚያ አለቀሱ፤ ከዚያ «እንዲህ ትሄድ ኖሯል እንዴ! ስኳሬን ስትጨርስ!» ብለው ቤቱን በሳቅ አፈረሱት። እኔ ጎንበስ ብዬ ጎረስኩ።

በሳምንቱ ሱሉልታ ገባሁ። አዴ ያለችውም አልቀረም። ተነሳች ተብሎ ሲሰማ ጠያቂው ሳሳ፣ ከዚያ ቀረ። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ በኛ አገር የሚጠየቀው የተኛ ነው። እትዬ ዘሃራ ብቻ አልቀሩም። አዴ ዛሬም ያማታል። ብርድ ሲሆን ይብስባታል፤ ደህና በሆነች ቀን ሽንኩርት እየለቀመች ደጇ ላይ ትቸረችራለች፤ ጆንያ ግን አታነሳም። እኔም ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል ወገቤ አንዳንዴ ይናገረኛል፤ ያኔ በጎኔ ዞሬ እነሳለሁ።

ታክሲው መጣ። ፌስታሉን እጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከሱሉልታ ሰበታ አዲስ አበባን ሙሉ ማቋረጥ ነው፤ ግማሽ ቀን ይበላል። «ገመዱ ሳስቷል፤ ስትመጪ ይዘሽልኝ ነይ» ነበር ያለችኝ በስልክ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ከእሷ ደጅ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ስትሻገር፣ እትዬ ዘሃራ ሱቅ በር ላይ ገመድ ተንጠልጥሏል። ቀይም አለ፣ ሰማያዊም አለ። ወፍራሙም አለ።

ይህን እሷም ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ። ሁለታችንም አንናገረውም።