ኦቦ ቶላን «ይቅደሙ» ብዬ ጉድ ሆንኩ

አሁን እንጦጦ ላይ በገመድ ተንጠልጥዬ ከዛፍ በላይ በርሬ መጣሁ።

ሱሉልታ ተከራይቼ ስኖር አምስት ዓመቴ ነው። በየቀኑ ይህን ተራራ አቋርጬ አዲስ አበባ ሥራ እገባለሁ፣ አንድም ቀን ከታክሲ ወርጄ አይቼው አላውቅም። ዛሬ አከራዬን ኦቦ ቶላን «እንደ ቱሪስት እንዙር» አልኳቸው።

ጠዋት ፒያሳ የድሮዎቹን ባለ እንጨት በረንዳ ቤቶች አየን፣ የሥዕል ኤግዚቢሽንም ገባን። ኦቦ ቶላ አንድ የፈረስ ሥዕል ፊት ቆመው «ልጓሙን አላልቶታል» ብለው ሠዓሊውን ገመገሙት።

ከሰዓት እንጦጦ፣ በገመድ ተንጠልጥለው ማዶ የሚሻገሩበት ዚፕላይን ጋ ወጣን። ተራችን ሲደርስ ቁልቁል አየሁና ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። እሳቸው ከፈሩ አብረን እንመለሳለን ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ በትህትና «ኦቦ ቶላ፣ ይቅደሙ» አልኳቸው።

«ገለቶሚ ልጄ» ብለው አመስግነው ባርኔጣቸውን አቀበሉኝና ሄዱ።

የሰባ ዓመት ሰው ማዶ ሆነው እየጠበቁኝ፣ ባርኔጣቸው እጄ ላይ ሆኖ፣ ወዴት ልሽሽ? ብብቴ ውስጥ ሸጉጬው ዓይኔን ጨፍኜ ተከተልኳቸው። ማዶ ስደርስ ሳቄን ማቆም አቃተኝ።

በትህትና ልታመልጡ ስትሉ የተያዛችሁ ካላችሁ ቶሎ ጻፉልኝ። ለሁለተኛው ዙር ተሰልፈናል፤ ኦቦ ቶላ ከኋላዬ ቆመው «አሁን ልጅ ይቅደም» እያሉ ነው።